የነጣ የኤስካቫተር ቀለምን ስለ መመለስ፦ ናፍጣውን ከመቀባትዎ በፊት

ጥያቄዎን ትናንት ማታ አነበብኩት። ያገለገለ ኤስካቫተር (መሬት የሚቆፍር ማሽን) በጅቡቲ በኩል አስገብተው፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሁለት ክረምት ቆሞ ቢጫው ቀለሙ እንደ አመድ መንጣቱን፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለኪራይ መቅረብ እንዳለበት፣ አንድ ወዳጅዎም «ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ቀላቅለህ በጨርቅ እሸው፤ አዲስ ይመስላል» ብሎ እንደ መከረዎ ጽፈዋል። አብሽሩ፤ መላ አለው። ወዳጅዎ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔንም የመከረኝ ሰው ክፉ አላሰበም ነበር። ነገር ግን ያ ምክር የሁለት ወር ኪራይ፣ አንድ ሙሉ ቅብና ብዙ እንቅልፍ ስላሳጣኝ በሁለት መስመር መልስ ሰጥቼ ማለፍ አልቻልኩም።

የእኔም ማሽን እንደ እርስዎ ሃያ ቶን የሚሆን ቢጫ ኤስካቫተር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሥራው ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላም መለዋወጫ በመጥፋቱ ማሽኑ ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ጥላ በሌለበት ቆሞ ከረመ። ላስነሣው ስሄድ ኮፈኑን በመዳፌ ባብሰው እጄ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው እጅ መሰለ። ያን ጊዜ ቀለሙ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ አልሞተም። ቀለም ማለት በአጭሩ ቢጫነቱን የሚሰጥ ደቃቅ ዱቄትና ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ ነው። የፀሐይ ጨረር ሙጫውን ከላይ ከላይ ሲበላው ዱቄቱ ያዥ አጥቶ ይቀራል፤ እጃችን ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻና 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ለቀለም ምቹ አገሮች አይደሉም። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ቀለም የሚበላው እዚያ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የደሴ ብርድ ግን ሰውን እንጂ ፀሐይዋን አያታልልም።

እንግዲህ የተማርኩትን በቁጥር ላስቀምጥልዎ።

1. ከሁሉ በፊት በውሃ ይፈትኑት። ከኮፈኑ፣ ከቦሙ (ከረጅሙ ክንድ) ጎንና ከኋላ ሚዛን ከሚጠብቀው ትልቅ ብረት ላይ መዳፍ መዳፍ የምታህል ቦታ አጥበው እንደ ረጠበ ይመልከቱት። ሲርስ ቢጫው ደምቆ ተመልሶ ከመጣ፣ ከሥር ያለው ቀለም ደኅና ነው፤ የነጣው ላዩ ብቻ ስለሆነ በማሸት ይመለሳል። ረጥቦም ገርጥቶ ከቀረ፣ ወይም ከሥሩ የግራጫ ወይም የቀይ አንቲረስት (ከቀለሙ ሥር የሚቀባ ዝገት መከላከያ) ገጽ ከታየ፣ እዚያ ላይ ማሸት ጉልበት ማባከን ነው፤ ቅብ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ አንድ ማሽን ሁለቱንም ይሆናል፤ ወደ ላይ የሚያየው ኮፈን ሞቶ ጎኑ በሕይወት ይኖራል። እኔ ይህን የአንድ ደቂቃ ፈተና ባውቅ ኖሮ ቀጥሎ የምነግርዎ ታሪክ ባልተፈጠረ ነበር።

2. እጥበቱን ለላቫጆ ልጆች ብቻ አይተዉት። መጀመሪያ የደረቀውን ጭቃና ግሪስ በእንጨት ይፋቁ፤ ቀጥሎ በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡ። የግፊት ውሃውን ማሽኑ ከሚሽከረከርበት ትልቅ ቀለበት ጎሚኒ፣ ከኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎችና ከራዲያተሩ ክንፎች አርቀው ይያዙት። ሲጨርሱ ፒኖቹ (የመጋጠሚያ ብረቶቹ) ሁሉ ግሪስ ይጠጡ፤ አሮጌው ግሪስ ከነውሃው እስኪወጣ ድረስ ይገፋ። ሲሚንቶ የደረቀበት ቦታ ካለ በጠንካራ አሲድ አይሞክሩት፤ ቀለሙን ያነጣዋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስለ እጥበት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

3. ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት አይቀቡ። ይህን ቁጥር በአንድ መስመር ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ማሽኔን ለመንገድ ሥራ የሚከራይ ድርጅት ኮምቦልቻ ላይ ሊያየው ቀን ቆረጠ። በዋዜማው እኔና ኦፕሬተሬ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ከግማሽ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ጋር ቀላቅለን፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ቆራርጠን፣ ከቦሙ ጫፍ እስከ ኋላው ብረት ድረስ አሸነው። አይዋሽም፤ ሲመሽ በፋኖስ ብርሃን እንኳ ያብረቀርቅ ነበር። ኦፕሬተሬ ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰቡ ላከ። በማግሥቱ ማሽኑ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) ተጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን፣ የመንገዱ አቧራ በዘይቱ ላይ ተለጥፎ በእንቁላል ተነክሮ ዱቄት ላይ የተንከባለለ ሥጋ መስሎ ነበር። ዘይቱ በየመጋጠሚያው ተንጠባጥቧል፤ የቦሙ ሲሊንደር ሥር ጥቁር ጠብታ አንጠልጥሏል።

የመጣው መርማሪ ጠብታውን በጣቱ ነክቶ አሸተተው፤ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። «ይህ ከየት ነው የሚፈሰው?» አለኝ። አይፈስም፤ ትናንት እኛው ቀብተነው ነው አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተቀባ ዘይትና የሚፈስ ዘይት የምለይበት መሣሪያ አልተሰጠኝም» ብሎ «ማሽኑ በብዙ ቦታ ዘይት ያፈሳል» የሚል ቃል አስፍሮ ሄደ። ሞተሩን አስነሥተን፣ ቦሙን አንሥተን፣ ሲሊንደሩን አድርቀን እናሳይህ ብንለው ጊዜ የለኝም አለ። ሰውየው የተናገረበት አነጋገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይሁንና ነገሩን ካወቅሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ ልፈርድበት አልቻልኩም፤ የሚያፈሱ ማሽኖቻቸውን ለመሸፈን ሙሉ አካላቸውን ዘይት የሚቀቡ ባለንብረቶች መኖራቸውን እኔም አይቻለሁ። ያንን ሥራ ያገኘው ከእኔ ያረጀ፣ ነገር ግን ታጥቦ ብቻ የቀረበ ማሽን ነበር።

ናፍጣው የሚያበራው በውሃው ፈተና ላይ እንዳዩት ነው፤ ሻካራውን ገጽ ለጊዜው ስለሚያርሰው ነው። ውሃ ይደርቃል፤ ናፍጣና የሞተር ዘይት ግን ሳይደርቁ አቧራ እየሰበሰቡ ይቆያሉ። በዚያ ላይ ጎማ ነክ ነገር ሊያብጥ ይችላል፣ የማስጠንቀቂያ ተለጣፊዎቹ ጠርዛቸው ይነሣል። አንዳንድ ሰው በምትኩ የተልባ ዘይት ይላል። ይህኛው እንኳ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚደርቅ ትንሽ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ከገበያ የሚገዛው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ እስከዚያ ድረስ ያው አቧራ መሰብሰቡ አይቀርም። የታሸበት ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ለወጥ ይተዉት።

የእኔ ጥፋት በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ተናድጄ «እንግዲያውስ ሙሉ ለሙሉ አስቀባዋለሁ» ብዬ ጋራዥ አስገባሁት። ቀቢው ማሽኑን በቲነር በረጠበ አንድ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አበሰው፤ እኔም ንጹሕ መስሎኝ ዝም አልኩ። ፒስቶላው (የቀለም መርጫው) ሥራ በጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አዲሱ ቀለም እዚህም እዚያም እየሸሸ፣ መሐሉ እየተቦረቦረ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ፊት መሰለ። ዘይቱ በአሮጌው ቀለም ስንጥቆችና በየብሎኑ ሥር ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ያ አንድ ጨርቅም ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲያዳርሰው ዋለ እንጂ አላነሣውም። ትክክለኛው አሠራር ሁለት ጨርቅ መያዝ ነው፤ በአንዱ አርሶ፣ ቲነሩ ሳይደርቅ በሌላው ንጹሕ ጨርቅ ማንሣት፣ ጨርቆቹንም ቶሎ ቶሎ መቀየር። ቀቢው «ማሽንህ ነው የታመመው» አለኝ። ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ሁሉንም በውሃ እያራስን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እንደገና ቀባነው፤ የቀለሙንም የእጁንም ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። በነገራችን ላይ የቆየ ማሽን ከሆነ በደረቁ አይፋቁ፤ የዱሮ ቢጫ ቀለሞች ብዙዎቹ እርሳስ ያለበት ዱቄት ስለነበራቸው ብናኙ ለሠራተኛውም በግቢው ለሚጫወት ሕፃንም መርዝ ነው።

ሁለተኛው ቅብ አማረ። ቀቢው ግን የማሽኑ ቁጥር የተመታባትን ትንሽ ሳህን ሳይሸፍናት በሁለት ድርብ ቢጫ አልብሷት ነበር። ይህን ያወቅሁት ለዓመታዊው ምዝገባ አንድ ቢሮ ስሄድ ነው። ሠራተኛው ሊብሬውን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ከዚያ «ቁጥሩ ካልታየ ማሽኑ የለም» አለ። ማሽኑ ከፊቱ ቆሟል፤ ጥላው እላዩ ላይ አርፎበታል። ነገ ና ተባልኩ፤ በነጋው ቁልፍ የያዘው ሰው አልገባም፤ በሦስተኛው ቀን «ይህ ጉዳይ የእኔ አይደለም» ተባልኩ። ማሽን ማቆሚያ፣ ሎቤድ፣ የኦፕሬተር አበል፤ ሁሉም በእኔ ላይ ይቆጥራል። በመጨረሻ ከጓዳው አንዲት ወጣት ሠራተኛ ወጥታ «ቲነር ይዘሃል?» አለችኝ። በጨርቅ ጫፍ ቲነር ነክራ፣ ሳህኗን ሳትቧጭር ቀስ ብላ አበሰቻት፤ ቁጥሮቹ ውስጥ የቀረው ቢጫ ጎልተው እንዲነበቡ አደረጋቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ እርስዎ ማስቀባት ግድ ከሆነብዎ የቁጥሩን ሳህን፣ የሲሊንደሮቹን የሚያብረቀርቁ ዘንጎች፣ የግሪስ መግቢያዎቹን፣ ቱቦዎቹንና የማስጠንቀቂያ ተለጣፊዎቹን ራስዎ በእጅዎ ይሸፍኑ፤ ከመሸፈንዎም በፊት ፎቶ ያንሡ። ዘንግ ላይ የደረቀ ቀለም ተሰንጥሮ ዘይቱን የሚይዘውን ጎሚኒ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ በእርግጥም ያፈሳል።

ቢጫ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ካተርፒላር ማሽኖቹን ከግራጫ ወደ ቢጫ ያዞረው በፈረንጆቹ 1931 ሲሆን፣ በ1979 ያንኑ ቢጫ እንደገና ለውጦታል፤ የኮማትሱ ቢጫ ደግሞ ሌላ ነው። የተበላሸውን በር ብቻ በዓይን ግምት በተቀላቀለ ቀለም ካስቀቡ፣ በሩ ከሌላ ማሽን የተገነጠለ ይመስላል። የማሽኑን ሥሪትና የተመረተበትን ዓመት ይዘው ይሂዱ፤ ወይም ፀሐይ ካላገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ናሙና ያሳዩ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ቀለም ከሆነ ቀቢው ተራ የአቧራ ጭምብል ሳይሆን ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ አለበት፤ ጉዳቱ የሳንባ ነው። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ከቤት ውጭ አያስቀቡ፤ ብረቱ ላይ የማይታይ ጤዛ ስለሚኖር ቀለሙ ሲደርቅ ወተት ጣል ያደረጉበት ይመስላል። በበጋም ቢሆን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይጀመር።

4. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እርስዎ ምናልባት ቅብ አያስፈልግዎትም።

በ2015 ዓ.ም. የገዛሁት ሎደር (አፈር አንሥቶ የሚጭን ማሽን) ከኤስካቫተሩ ባልተናነሰ ነጥቶ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ አሉ፤ ልቀባልህ ብለው ገንዘቤን መውሰድ ሲችሉ፣ ውሃ በቆርቆሮ አምጥተው ከበሩ ላይ ደፉና «ልጄ፣ ይህ ቀለም ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አሉኝ። ከዚያም በጥጥ ጨርቅ ላይ የጥፍር ያህል ኮምፓውንድ (ላዩን በስሱ የሚፍቅ ክሬም) አድርገው፣ የእንጀራ ሰፌድ የምታህል ቦታ ላይ በክብ በክብ ማሸት ጀመሩ። ጨርቁ ወዲያው ቢጫ ሆነ፤ እኔ ደነገጥሁ። እሳቸው ሳቁ፤ ላዩ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ተጨማሪ ድርብ የሌለው ቀለም ሲታሽ ጨርቁን ቀለሙን ማልበሱ ያለ ነው፤ የሞተው ቆዳ ነው የሚወጣው። «ጨርቁ ግራጫ ሲያሳይህ ግን እጅህን አንሣ» አሉኝ፤ አንቲረስቱ ላይ ደርሰሃል ማለታቸው ነው። በንጹሕ ጨርቅ ሲያብሱት የበሩ መሐል ላይ የእጃቸው ጥላ ታየ። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ማሽን ላይ ጥላ አይቼ እንባ ሊመጣብኝ ነበር ብል አይግረምዎ።

ሎደሩን ሁለት ሰው ሆነን በአራት ቀን ጨረስነው። ሰፊውን ገጽ በፖሊሽ ማሽን በበግ ጠጉር ሙካሽ (ማሽኑ ላይ በሚታሰር ጠጉራም ክብ) ሠራነው፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,800 ዙር ቢሆን ይበቃል፤ ሙካሹም ከአንድ ቦታ ላይ ሳይቆም መንቀሳቀስ አለበት። አንድ የማውቀው ሰው ፖሊሽ ማሽን ስላጣ ሙካሹን ግራይንደር ላይ አሰረው፤ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ስለሚሽከረከር በአንድ እስትንፋስ ቀለሙን አቃጥሎ እስከ ላሜራው ወረደ። ጠርዞችንና የተጣጠፉ ቦታዎችን በእጅ ብቻ ይሥሩ፤ ቀለም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ስስ ነው። ከኮምፓውንዱ በኋላ ለስለስ ያለ ፖሊሽ፣ ከዚያ ሰም ይከተላል። ሰሙ የተከፈተውን ገጽ ከፀሐይና ከውሃ የሚከልለው እሱ ስለሆነ እሱን ዘለሉ ማለት ሥራው በመጪው ክረምት ይታጠባል ማለት ነው፤ እኔ በየሦስት በየአራት ወሩ እደግመዋለሁ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ እያለ አይሥሩ፤ ሰሙ ሳይነሣ ይጋገርበታል። ባኬቱን አይድከሙበት፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ራሱ ያበራዋል።

መወጣጫውንና መያዣውን ግን ፈጽሞ ሰም አያስነኩት። እኔ ለማሳመር ብዬ ደረጃዎቹን ጭምር ወልውዬ ኦፕሬተሬ በማግሥቱ ጠዋት በጤዛ ላይ ሲወጣ ተንሸራትቶ ጉልበቱን መታ። ሦስት ቀን አነከሰ፤ ሦስቱንም ቀን ደመወዙን እየከፈልኩ እየሰደበኝ ነበር፤ ልክም ነበር።

ያ ሎደር ለኪራይ ሲቀርብ ሊያየው የመጣው ያው መርማሪ ነበር። እኔን አላስታወሰኝም። ጣቱን በኮፈኑ ላይ ጎተት አደረገ፣ ጣቱን ተመለከተ፣ ምንም አላገኘበትም፤ ከዚያ ዝም ብሎ የሰዓት ቆጣሪውን ሊያነብ ወደ ጋቢናው ወጣ። እኔም ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ይበቃዎታል። ናፍጣውን እስካሁን ካልቀቡ ማለቴ ነው፤ ቀብተውት ከሆነ መጀመሪያ በሁለት ጨርቅ አንሥተው ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይተዉትና ከሥንጥቆቹ የሚወጣውን እንደገና ያንሡት። ነገ ከኮፈኑና ከበሩ ላይ አንድ አንድ ቦታ አርሰው፣ እርጥቡና ደረቁ ጎን ለጎን እንዲታይ ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉልን የቱ እንደሚታሽ የቱ እንደሚቀባ አይተን እንነግርዎታለን። ጠዋት ያድርጉት፤ እኩለ ቀን ላይ ከሆነ የኮምቦልቻ ፀሐይ ካሜራውን ሳያወጡ ውሃውን ታደርቅብዎታለች።